ከአንድ ቤት ሁለት ደብዳቤ

«የናታራጃ ልጅ ሐኪም ልትሆን ነው!» የሚለው ወሬ ከማለዳው የሥራ ጥሩንባ ፈጥኖ የኒላማላይን የሻይ እርሻ ዳር እስከ ዳር አዳረሰው። ረፋዱ ላይ የጀመረ እንግዳ እስከ ከሰዓት አልተቋረጠም። የእርሻው ዋና ጸሐፊ ናታራጃ ነጩን ለብሶ፣ ግንባሩን የቤተ መቅደስ አመድ ተቀብቶ፣ በረንዳው ላይ ቆሞ የመጣውን ሁሉ «አፋችሁን አጣፍጡ እንጂ፣ ዛሬ የሚሸሽ የለም!» ይላል። በሃያ ሁለት ዓመት የሥራ ዘመኑ እንዲህ ሲፍለቀለቅ ያየው ሰው የለም። የዩኒቨርሲቲውን የጥሪ ደብዳቤ ለመጣው ሁሉ ያነብባል፤ ለስንተኛ ጊዜ እንዳነበበው ራሱም አያውቅም።

ባነበበ ቁጥር ግን አንዲት መስመር ይዘላል።

ልጅቷ ሱጋንቲ ያቺን መስመር በቃሏ ታውቃታለች። «ቀደም ሲል ከተመረጡት የአውራጃው ተማሪዎች አንዱ በተወሰነው ቀን ቀርቦ ስላልተመዘገበ፣ በውጤት ተከታይ የሆኑት እርስዎ በምትኩ ተመርጠዋል» ትላለች። አባቷ የሚዘላት ልጁ «ምትክ» መባሏን ስላልወደደው ብቻ ነው። «አንዱ» የተባለው ማን እንደሆነ አያውቅም። ያንን የምታውቀው በዚያ ተራራ ላይ እሷ ብቻ ነበረች።

«አያ፣ እንኳን ደስ ያለዎት!» የሚል የሴት ድምፅ ከደረጃው ግርጌ ተሰማ።

ሱጋንቲ ድምፁን ስትሰማ የጣፋጭ ሰሃኑን እንደያዘች ወደ ኋላ አለች። በአምስተኛው የሠራተኛ ቤቶች መደዳ የምትኖረው ራማዪ ነበረች። ሻይ ስትለቅም ውላ የቅርጫቱ ማንጠልጠያ ግንባሯ ላይ ሰምበር ትቶባታል። ከጎኗ ልጇ ሲቫም በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ቆሟል። የመደዳዎቹ ሰዎች በረንዳው ላይ ስለማይወጡ ሁለቱም ከደረጃው በታች እንደቆሙ ቀሩ።

«እግዜር ይስጥሽ ራማዪ» አለ ናታራጃ። «እዚያው ቁሚ፣ ጣፋጩን ታመጣልሻለች።»

ሱጋንቲ ወረደች። ራማዪ ሰሃኑን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም፤ ሻካራ መዳፎቿን በልጅቷ ጉንጮች ላይ አሳርፋ ወደ ራሷ ጆሮ ግንድ መለሰቻቸውና ጣቶቿን ቋ! ቋ! አደረገቻቸው። «ክፉ ዐይን አይይሽ፣ ልጄ! አምላካችን እናት ማሪያማን ትጠብቅሽ!» አለች። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን የቤተ መቅደስ አመድ ፈትታ ግንባሯ ላይ ቀባቻት። «ዛሬ የኔም ልጅ እንዳለፈ ነው የምቆጥረው። ከዚህ ቅጠል መሀል አንድ ሰው ወጣ ማለት ቀላል ነው?»

እስከ ዛሬ «ትንሿ እመቤት» ነበር የምትላት። «ልጄ» ስትላት የመጀመሪያዋ ነው።

ሲቫም ጥቅሉን ዘረጋላት። «የሥነ ሕይወት ማስታወሻዎቼ ናቸው። የልብና የደም ሥር ሥዕሎቹን በቀለም አድርጌልሻለሁ። እኔ ምን አደርግባቸዋለሁ?»

«አንተስ...» አለች።

«እኔማ ያው የወረቀቴ ነገር ነው» አለ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «በልደት ወረቀቴ ላይ ያባቴ ስም ተሳስቶ ተጽፏል፤ ለዚያ ይሆናል ያልጠሩኝ። በውጤትማ በአሥራ አንድ ነጥብ በልጬሽ ነበር። የኛ ሰው ወረቀት መቼ ቀንቶት ያውቃል? ይልቅ እንኳን አንቺ ሆንሽ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እቃጠል ነበር።»

ቀና ብላ አየችው። ዐይኖቹ ውስጥ ቅናት ፈለገች፣ ቂም ፈለገች፤ የለም። ቢኖር ይሻላት ነበር። ማስታወሻዎቹን ታቅፋ ወደ በረንዳው ስትወጣ ደረጃው እንደዚያ ቀን ረዝሞባት አያውቅም።

*

ከኒላማላይ ተነስተው ከተማው ትምህርት ቤት የመጨረሻው ክፍል የደረሱት እሷና ሲቫም ብቻ ነበሩ። መንገዱ ለመሄድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመመለስ ሽቅብ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ዓመት ሙሉ አብረው ተመላለሱ። ከእርሻው እስከ ድልድዩ ድረስ በሃያ እርምጃ ተራርቀው ይሄዳሉ፤ እሷ በጃንጥላዋ፣ እሱ የማዳበሪያ ጆንያ አጥፎ እንደ ቆብ ደፍቶ። ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ግን የሚያያቸው ስለሌለ ጃንጥላዋ ሥር ይገባል። የኬሚስትሪ ቀመር ይጠያየቃሉ። የተሳሳተ አልቅት ከእግር ይነቅላል፤ ቅጣቱ ይኸው ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የምትሳሳተው እሷ ስትሆን አልቅቱን የሚነቅለው ግን እሱ ነው።

ሐኪም መሆን የፈለገው በእህቱ ምክንያት ነው። ምጥ ይዟት ወደ ከተማ ስትወሰድ የቅጠል መኪናው ላይ ሞተች። ይህን ለሱጋንቲ የነገራት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሲያጠና ስታየው ለምን እንደማይደክመው አልጠየቀችውም።

አንድ ቀን ዶፍ ዝናብ ሲጥል ሲቫም መጽሐፍ ሊመልስላት መጣና ሳያስበው በረንዳው ላይ ወጣ። ናታራጃ ከቢሮ ሲመለስ አገኘው።

«እግርህን ተመልከት!» አለው። «ይህ ወለል ቅጠል የሚራገፍበት መሰለህ?»

ሲቫም እግሩን አየ፤ ጭቃ ነው። መጽሐፉን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ወረደ። ሱጋንቲ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከእሷ ጋር አልሄደም። ፈተናውም አልቆ ስለነበር መገናኛ ሰበብ ጠፋ። በአራተኛው ቀን ደብዳቤ ጻፈችለት። «ስለ አባቴ አፍራለሁ። አንተ ግን ከእኔ ጋር ነው የተጣላኸው ወይስ ከእሱ? ትወደኝ እንደሆነ በአንድ ቃል ንገረኝ፤ የማትወደኝ ከሆነም በአንድ ቃል።» ራማዪ በእጇ ወስዳ ሰጠችው። መልስ አልመጣም። ሳምንት አለፈ፤ ሁለት ሳምንት ሆነ። በሩቅ ሲያያት መንገድ ይቀይራል። ውጤት ሲወጣ እንኳ እንኳን ደስ ያለሽ አላላትም።

እናቷ ከሞተች ወዲህ ሱጋንቲ ከሰዓት በኋላ ቢሮ እየገባች አባቷን ታግዛለች። የመደዳዎቹ ሰዎች ደብዳቤ በየቤታቸው አይደርስም፤ በአንድ ቦርሳ ተጠቅልሎ ወደ እርሻው ቢሮ ይመጣና ጸሐፊው ሲመቸው ያድለዋል። የጠዋቱን ቦርሳ አባቷ ይለያል፤ ከሰዓት በኋላ የሚገባውን የምትለየው እሷ ናት። አንድ ሐሙስ ቀን የመንግሥት ማኅተም ያለበት ረጅም ቡናማ ፖስታ ከቦርሳው ወጣ። «ሳዳሲቫም፣ አምስተኛ መደዳ፣ ኒላማላይ» ይላል፤ የሲቫም ሙሉ ስም ነው።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። ደስታ መጣባት፤ ደስታው ግን እግሩ ገና ሳይተከል ሌላ ነገር ገፍቶት ገባ። ይሄዳል። አንድ ቃል ሳይመልስልኝ፣ ፊቱን እንዳዞረ፣ ባቡር ላይ ወጥቶ ይሄዳል።

የማሪያማን ክብረ በዓል ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። በዚያ ቀን መደዳውም ጸሐፊውም አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛል። በእጄ እሰጠዋለሁ፣ ያኔ ፊቱን ሊያዞርብኝ አይችልም፣ አለች። ዘጠኝ ቀን ምን አላት? ፖስታውን ሳትከፍት ሳጥኗ ውስጥ ከልብሶቿ ሥር ከተተችው።

በበዓሉ ቀን ሲቫም አልመጣም። ቀኑን ሙሉ ዐይኗ ሰው መሀል ሲባክን ዋለ። «ሊያየኝ እንኳ አልፈለገም» ብላ በእልህ አምስት ቀን ጨመረች። በስድስተኛው ቀን ራማዪ በወባ ተይዛ እሱ ከተማ ሆስፒታል ሲያስታምማት እንደሰነበተ ሰማች። ደንግጣ ሮጣ ሳጥኗን ከፈተች፤ ፖስታውንም ቀደደችው። «እስከ ወሩ አሥራ ሰባተኛ ቀን ድረስ ቀርበው ካልተመዘገቡ ቦታው ለተከታዩ ይሰጣል» ይላል። የዕለቱ ቀን አሥራ ዘጠኝ ነበር።

ያኔም ቢሆን መናገር ትችል ነበር። አፏን ከፍታ መንደሩን ብታስጮህ ምናልባት አንድ መላ ይገኝ ነበር። ይህን ለራሷ ደብቃ አታውቅም። ያን ዕለት ግን ፖስታውን መልሳ ከታ፣ ሳጥኑን ቆልፋ፣ ለአባቷ ምሳ አቀረበች። ከዚህ ሁሉ ኋላ ላይ አብልጦ ያሳፈራት ያ ምሳ ነው፤ እጇ ሳይንቀጠቀጥ ወጥ መጨለፏ።

*

ለትምህርቷ ወደ ኮሎምቦ ልትሄድ ስድስት ቀን ሲቀራት ሲቫምን ፍለጋ ወጣች። ከቤተ መቅደሱ በላይ ያረጀ ሻይ የሚገረዝበት ተዳፋት ላይ አገኘችው። በረዥም ቢላ የቁጥቋጦውን ራስ አግድም አግድም ይመታል። ሥራ ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ሲያያት ቢላውን ግንድ ላይ ሰካና መዳፉን በሱሪው ጠረገ፤ ውሃ የቋጠረው ሁሉ ፈንድቶ ነበር።

«ይህ የብዕር እጅ አልለምድ አለ» አለ እየሳቀ። «የገረዛው አለቃ ‹ተማሪው፣ ቁጥቋጦውን ፈትነው ነው ወይስ ቁረጠው ነው ያልኩህ?› እያለ ያላግጥብኛል።»

«ሲቫም...»

«ቆይ፣ እኔ ልቅደም። ልትሄጂ ነውና ሆዴ ውስጥ ይዤ አልቀርም።» ዝቅ ብሎ መሬቱን አየ። «ያን ሁሉ ጊዜ የሸሸሁሽ ኮርቼ አልነበረም። አትፈልገኝም ብዬ ነው። አሁን ግን በአፌ ልንገርሽ፤ እወድሻለሁ። ሂጂ፣ ተማሪ። ስትመለሺ እኔ እዚሁ ነኝ፤ የትም አልሄድም።»

የትም አልሄድም። ይህን ቃል ለመስማት ብላ አልነበረም እንዴ ፖስታውን የደበቀችው? የተመኘችው ይኸው ደረሰላት። ፍቅሩን ነገራት፤ አጠገቧም ሊቀር ነው። እውነቱን ልትናገር ግን አፏን ከፈተች፤ ከተዳፋቱ በታች ገራዦቹ «ተማሪው ሙሽራ ሆነ!» እያሉ በፉጨት አጀቡት፤ እሱ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ።

«እጅህን እጠበው» አለችው በመጨረሻ። «በጨው ውሃ።» ቁልቁል ስትሮጥ የሰማችው ሳቁን ነው፤ ያፈረች መስሎት ነበር።

*

እሑድ ጠዋት ቅጠል አይለቀምም። በአምስተኛው መደዳ ደጃፎች ላይ ሴቶች ፀጉር ይሠራራሉ፤ ወንዶች ራዲዮ ያዳምጣሉ። የጸሐፊው ልጅ በመደዳው መሀል ስታልፍ ሁሉም ዘወር ብሎ አያት። እዚያ እግሯን አንስታ አታውቅም። ራማዪ በራፏ ላይ ቁጭ ብላ የሮቲ ቂጣ ሊጥ ትዳምጣለች፤ ሲቫም ከጀርባዋ ማገዶ ይፈልጣል።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ? ፊትሽ እንዲህ የነጣው?» አለች ራማዪ ሊጡን ትታ።

ሱጋንቲ ቡናማውን ፖስታ አወጣችና በሁለት እጇ ዘረጋችላት። ራማዪ ማንበብ ስለማትችል ወደ ልጇ ዞረች። ሲቫም መጥረቢያውን አስቀምጦ መጣ። ስሙን አየ። ማኅተሙን አየ። ወረቀቱን አወጣና አነበበ፤ ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበ።

«ምን ይላል?» አለች ራማዪ። «አንተ ልጅ፣ ምን ይላል?»

«ሕክምና ትምህርት ቤት ገብተሃል ይላል፣ አማ።» ድምፁ የራሱ አይመስልም። «እስከ አሥራ ሰባት ድረስ ና ይላል።»

«እሰይ! እና መች ነው አሥራ ሰባት?»

«አልፏል። ከአምስት ሳምንት በፊት።»

«ታዲያ ዛሬ ነው የሚያመጡት? እነዚህ ቢሮዎች...»

«ቢሮው አይደለም» አለች ሱጋንቲ። «እኔ ነኝ። በጊዜው ደርሶ ነበር፤ እኔ ደበቅሁት። እንዳይሄድብኝ ብዬ። ቀኑን አላወቅሁም ነበር፤ ካወቅሁ በኋላም ዝም አልኩ። የተሰጠኝ ቦታ የኔ አይደለም። የእሱ ነው።»

አንድ ሰው ራዲዮውን አጠፋው።

ራማዪ ቀስ ብላ ተነሳች። ሊጥ የያዘ እጇን ወደ ሱጋንቲ ፊት ዘረጋች፤ ልትመታት ነው ብለው ሁሉም ጠበቁ። ግንባሯ አጠገብ ሲደርስ ግን እጇ ቆመ። «እዚህ ላይ ያደረግሁትን አመድ...» አለች፤ «እሱን ምን ላድርገው? በልጄ ስም ሃያ ዓመት የጸለይኩበት አመድ ነው። በእጄ ቀባሁሽ እኮ!» ድንገት እንደደከማት ሰው ወደ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀል ነበር።

ሲቫም ወረቀቱን እያጣጠፈ «ለምን?» አለ።

«መልስ ስላልሰጠኸኝ። ጽፌልህ ዝም ስላልከኝ። ሰበብ አይሆንም፣ አውቃለሁ። ጠየቅኸኝ ብዬ ነው።»

«ዝም?» ቀና አለ። «ሦስት ገጽ ነው የጻፍኩልሽ! ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ከተማ ወርጄ፣ ቴምብር ለጥፌ፣ ስምሽን በትልቁ ጽፌ ፖስታ ቤት ነው የሰጠሁት። መልስ እየጠበቅሁ አንቺ ነሽ ዝም ያልሽው!»

ተያዩ። ደብዳቤው በየትኛው በር ገብቶ የት እንደቀረ ሁለቱም እኩል ገባቸው። ሲቫም ሳቀ፤ እንደዚያ ያለ ሳቅ ከእሱ ሰምታ አታውቅም።

«ከአንድ ቤት ሁለት ደብዳቤ!» አለ። «አባትየው የሷን፣ ልጅቷ የኔን። እኛ ወረቀታችን ጠማማ ነው እያልን ራሳችንን ስንረግም እናንተ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጡልን ኖሯል!»

«እኛ» እና «እናንተ» አለ። ጃንጥላ ሥር በነበሩበት ዘመን እነዚህን ሁለት ቃላት አጠገቧ ተጠቅሞባቸው አያውቅም። ሱጋንቲን ከሁሉም ይበልጥ የቆረጣት ይኸው ነበር።

*

ናታራጃ ልጁ የምትለውን እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ። ከዚያ የጽሕፈት ጠረጴዛውን መሳቢያ በቁልፍ ከፈተና ስሟ በትልቁ የተጻፈበት ፖስታ አወጣ።

«ላንቺ ብዬ ነው» አለ።

«እኔም ለእሱ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አታልዬ ነበር፣ አፓ። ለራሴ ነበር።»

«እሺ ተሳስተናል! ግን አሁን ምን ይጠቅማል? ቦታው አንቺን ነው የጠራው። ብትተዪውም ለሌላ ይሰጡታል። እኔ ከሥራ እባረራለሁ፤ አንቺም ስምሽ ይጠፋል። ልጄ፣ እናትሽ ስትሞት ‹አስተምራት› ብቻ ነው ያለችኝ!»

«ደብዳቤውን የደበቅሁት እኔ ነኝ ብዬ ለዩኒቨርሲቲው ጽፌያለሁ። ያንተን ስም አላነሳሁም። የሚሆነው ይሁን።»

አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲርገበገብ አየች። ልታቅፈው ፈለገች፤ ብታቅፈው ግን ከመንገዷ እንደምትቀር ስላወቀች ፖስታዋን ይዛ ወጣች።

የሥነ ሕይወት መምህራቸው አሩላናንዳም የጻፈችውን ኑዛዜ ሲያነቡ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ አሹት። «ሁለታችሁንም እኔ ነኝ ያስተማርኳችሁ» አሉ። «ይህን ግን አላስተማርኩሽም። ሁለቱንም ማለቴ ነው፤ መደበቁንም፣ መናዘዙንም።» ከዚያ ኮታቸውን አነሱ። «ነገ በጠዋቱ ባቡር። ይህ ወረቀት በፖስታ አይሄድም።»

ሦስቱ አንድ ፉርጎ ውስጥ ተቀመጡ። መምህሩ ከመሀል ናቸው፤ ሲቫም ወዲያኛው መስኮት ላይ ፊቱን ወደ ውጪ አዙሯል። ሱጋንቲ ከአባቷ የተቀበለችውን ፖስታ ከፈተች።

«ሱጋንቲ» ይላል ደብዳቤው፤ «አባትሽ ስለ እግሬ የተናገሩት አላስከፋኝም፤ እውነትም ጭቃ ነበር። ያስከፋኝ አንቺ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመሽ ዝም ማለትሽ ነው። ጫማሽን ከሥር አይቼዋለሁ። ቢሆንም በአንድ ቃል ንገረኝ ብለሻልና፤ አዎ። ሌላው ሁለት ገጽ ተኩል ይህንኑ ‹አዎ› ነው የሚደጋግመው። ቅዳሜ ድልድዩ ላይ እጠብቅሻለሁ። ካልመጣሽ ግን መልስሽን ተረድቼ አላስቸግርሽም።»

ያን ቅዳሜ ዝናብ ነበር። እሷ ቤት ተቀምጣ እሱን እየረገመች ነበር፤ እሱ ድልድዩ ላይ ቆሞ ይበሰብስ ነበር። ወረቀቱን አፏ ላይ አድርጋ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ሲቫም በመስኮቱ መስታወት ውስጥ አያት። አልዞረም፤ ዐይኑንም ከመስታወቱ አልነቀለም።

ኮሎምቦ ላይ የዩኒቨርሲቲው ሹም፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት፣ ኑዛዜውን ሁለት ጊዜ አነበቡ።

«አስገድዶ ያጻፈሽ ሰው አለ?»

«የለም፣ እሜቴ።»

«ቦታሽን ስትለቂ ዳግም ለፈተና ለመቀመጥ ሁለት ዓመት መቆየት አለብሽ። የሰው ደብዳቤ መደበቅሽም በፋይልሽ ይቀመጣል። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

ሹሟ ብዕር አቀበሏት። ስሟን ስትፈርም እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህኛው ግን እንደዚያ ቀን ምሳ አልነበረም።

*

ውሳኔው በአሥራ አንደኛው ቀን በመምህር አሩላናንዳም ስም በቴሌግራም መጣ። ሳዳሲቫም ተቀባይነት አግኝቷል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ይቅረብ። አምስተኛው መደዳ ከበሮ መታ። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ነገሩን አጣርቶ የደብዳቤ ቦርሳውን ቁልፍ ከናታራጃ ተቀበለና መደዳዎቹ ራሳቸው ለመረጧት ሴት ሰጠ፤ ናታራጃም ከቢሮው ወጥቶ ቅጠል መመዘኛው ጋ ተመደበ። ሥራ በጀመረበት ቀን ራማዪ ቅርጫቷን ሚዛኑ ላይ ስታኖር ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ሱጋንቲ በእርሻው ትንሽ ትምህርት ቤት ፊደል ማስቆጠር ጀመረች። የመደዳው እናቶች ልጆቻቸውን ይሰድዳሉ፤ እሷን ግን ሰላም አይሏትም።

ሲቫም በሚሄድበት ቀን ጣቢያው ድረስ ሄደች። የሸኚው ሰው ብዛት ጉድ ነው፤ እሷ ከሁሉም ርቃ ከውሃ ታንከሩ ሥር ቆመች። ባቡሩ ሊነሳ ሲል እሱ ራሱ ሰው እየጣሰ መጣ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ አንገቱ ጋ ሰፍቶታል።

«ማስታወሻዎችህን አምጥቻለሁ» አለች። «ሥዕሎቹን።»

ተቀበላት። «ልዋሽሽ አልፈልግም» አለ። «ስምሽን ስሰማ ልቤ አሁንም ይደነግጣል። ድሮ በደስታ ነበር። አሁን በምን እንደሆነ አላውቅም። እስካውቀው ድረስ ጠብቂኝ አልልሽም።»

«አትበለኝ። ይቅር በለኝም ብዬ አላስቸግርህም። ብቻ...» አለች። «ሐኪም ሁን።»

«አንቺም ሁኚ!» አለ፤ ቁጣም ልመናም በሚመስል ድምፅ። «ሁለት ዓመት ምን አላት? አጥኚ። ገደል ገብተሽ ካሳ የከፈልሽልኝ እንዳይመስልሽ።» ሊሄድ ዞረና ቆመ፤ ጣቶቹ ለአንድ አፍታ እጇን ነኩ፤ መያዝም አልነበረም፣ መልቀቅም አልነበረም። ከዚያ ሮጠ።

ባቡሩ ከዋሻው ገብቶ ጭሱ እስኪጠፋ ድረስ ቆማ አየች። ሸኚዎቹ እያወሩ፣ እየሳቁ አለፏት። ማንም «ነይ» አላላትም፤ እሷም አልጠበቀችም። ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው መድረኩ ጫፍ ላይ አንድ ሰው መቅረቱን ያየችው፤ ራማዪ ናት። ሐዲዱን እያየች ቆማለች። ከእሑዱ ጀምሮ ለሱጋንቲ አንዲት ቃል ተንፍሳ አታውቅም።

ራማዪ ዐይኗን በነጠላዋ ጠረገችና መንገድ ጀመረች። ሱጋንቲ እንድትርቅላት ብላ ቆየች፤ ከዚያ ከኋላ፣ በሃያ እርምጃ ርቀት፣ አንገቷን ደፍታ ተከተለች። የከተማውን መጨረሻ ቤት አልፈው ሽቅቡ ሲጀምር ሰማዩ ጠቆረ። ራማዪ ቆመች። ሱጋንቲም ቆመች፤ ልትሰደብ ተዘጋጀች፤ ስድቡም የሚገባት ነበር።

ራማዪ ዞራ አየቻት። ፊቷ ላይ የለሰለሰ ነገር አልነበረም።

«ምን ይገትርሻል?» አለች። «ሊዘንብ ነው። ነይ።»

ቃሉ ደረቅ ነበር፤ «ልጄ» የለበትም፣ «ይቅር» የለበትም። ሱጋንቲን ግን ስንት ሰው ፊት ያልወጣው እንባ እዚያ መንገድ ዳር ፈነቀላት። ራማዪ አላባበለቻትም። አልቅሳ እስክትጨርስ ግን ቆማ ጠበቀቻት።